ከዚህ በላይ አይጠየቁም

ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ነበር፤ የማርያም ዕለት። ወይስ ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም? ደወል መስማቴን አስታውሳለሁ፤ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደወል የማይሰማበት ቀን የትኛው ነው? ዝናብ ጥሎ ማባራቱንም አስታውሳለሁ፤ እሱም ለአንዱ ቀን አይመሰክርም። ዓመቱ 2014 መሆኑን አልስትም። ቀኑን ግን ባሰብኩት ቁጥር አንዴ እሑድ ይሆንብኛል፣ አንዴ ቅዳሜ፤ የትኛውንም ብመርጥ ሌላኛው ቅር የሚለው ይመስለኛል።

ከቀኑ ይልቅ በደንብ የማስታውሰው አግዳሚ ወንበሩን ነው። የከተማው ማርሽ ባንድ መለማመጃ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ አጥሮ ከሥሩ ድንጋይ ተደግፎበታል። እዚያ ላይ ፋንታነሽ አንሙት ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሁለተኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። እሷ አሁን ሮብ ገበያ ከተማ የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ዓርብ ማታ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። ባንዱ ውስጥ የምትነፋውም የምትመታውም የለም። ሥራዋ ለነፊዎቹ ኖታ ማዘጋጀት ነው። ይህን ሥራ የወረሰችው ከአባቷ ነው።

አባቷን አቶ አንሙትን ልጅ ሆኜ አውቃቸው ነበር። የባንዱ ኖታ ገልባጭ ነበሩ። አንድ ዜማ የሁሉም መሣሪያ ድርሻ በአንድ ላይ ተደርድሮ በትልልቅ ወረቀት ይመጣል፤ እሳቸው ከዚያ ውስጥ የትራምፔቱን ለብቻ፣ የክላርኔቱን ለብቻ፣ የትሮምቦኑን ለብቻ እያወጡ ለየሰዉ በእጃቸው ይጽፉለታል። ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትኩስ ወተት እንደሚያበርድ ሰው እፍ እፍ ሲሉበት አሁንም ይታየኛል። አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር። ወረቀቱ ራስጌ ላይ «ትራምፔት» ብለው አይጽፉም። «ታረቀ» ብለው ነው የሚጽፉት። «ክላርኔት» አይሉም፤ የሰውዬውን ስም ይጽፋሉ። ለምን እንደሆነ ልጅ ሆኜ አልጠየቅኋቸውም፤ ትልቅ ሰው ስሆን ደግሞ እሳቸው አልነበሩም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት ፋንታነሽን፣ ከጎኗ እየተቀመጥኩ።

«አባቴን እየሠራሁት ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። በአንድ በኩል የኖታ መስመሮች ተዘርግተዋል፤ በሌላ በኩል ጥቁር መደብ ላይ ጥቂት የጽሕፈት መስመሮች አሉ። ኖታ የሚጻፍበት ሶፍትዌር እንዳለ አውቃለሁ። የጽሕፈቱ ነገር ግን አልገባኝም።

«ሶፍትዌሩን አዲስ እንደተቀጠረ ጸሐፊ አስበው» አለችኝ። «ኖታ መጻፍ ያውቃል፣ እጁም ንጹሕ ነው። ሰዎቹን ግን አያውቃቸውም። እኔ ትእዛዝ እጽፍለታለሁ። ከመጀመሪያው ኖታ ጀምር፤ አንድ በአንድ እለፍ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘህ እንዲህ አድርገው፤ ካላገኘህ እለፈው። በቃ፣ ስክሪፕት የሚሉት ይኸው ነው።»

«ረጅም ነው?»

«አንዳንዱ ከግጥም ያጥራል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ አንድ በአንድ እየከፈተች ታሳየኛለች። እያንዳንዱ ስክሪፕት በአንድ ሰው ስም ተሰይሟል። «ባምላክ» የሚለው ለትሮምቦን ነፊው ለባምላክ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ የእሱን ኖታዎች ብቻ ያሳድግለታል፤ ገጽ መገልበጡም ሁልጊዜ በማይነፋበት እረፍት ላይ እንዲውልለት ያደርጋል። ሌላው ትንፋሽ ለሚያጥረው ክላርኔት ነፊ ነው፤ እረፍት የሌለበት ረጅም የዜማ ሐረግ ሲያገኝ መሃል ላይ የትንፋሽ ምልክት ያስገባለታል። እነዚህን ሁሉ አቶ አንሙት በእጃቸው ያደርጓቸው ነበር። የአንዱ ክላርኔት ቁልፍ አልከደን ካለ ያንን ድምፅ ከእሱ ወረቀት አንሥተው ለጎረቤቱ ይሰጡታል። ወረቀቱ ላይ ስም የሚጽፉትም ለዚሁ ነው። «‹መሣሪያውማ ይለወጣል፤ የምጽፈው ለሰውዬው ነው› ይል ነበር» አለችኝ። ለዓመታት የተሸከምኩት ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ ተመለሰ።

«መጀመሪያ የሠራሁት የትኛውን እንደሆነ ታውቃለህ? ስም የሚጽፈውን ነው። በማን ወረቀት ላይ የማንን ስም እንደሚጽፍ መንገሩን ረሳሁና የሁሉም ወረቀት ላይ ‹ባምላክ› ብሎ አወጣው። ሳላይ አትሜ አደልኩ። ያን ቀን ባንዱ በሙሉ ባምላክ ሆኖ ዋለ።»

«ባምላክ ምን አለ?»

«‹ዛሬ የተሳሳተ ሁሉ በእኔ ይመዝገብ፤ ለምጄዋለሁ› አለ።»

ከትእዛዞቹ መካከል በአማርኛ የተጻፉ መስመሮች አየሁ። ፊታቸው ላይ ሁለት ያጋደሉ ሰረዞች አሉ። እነዚያን ማሽኑ አያነብባቸውም አለችኝ። ሰረዞቹን ሲያይ መስመሩን ዘልሎ ያልፋል። መስመሩ የተጻፈው ነገ ያንን ስክሪፕት ለሚከፍት ሰው ነው፤ ምን እንደታሰበ እንዲያውቅ። ይህ ነገር ገረመኝ። ማሽን እንዳይሰማው ተደርጎ፣ እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ለሰው ብቻ የሚነገር ቃል አለ ማለት ነው። «ታረቀ» የሚለውን ስክሪፕት ስትከፍት ከሁሉ በላይ እንዲህ ይል ነበር፦

ታረቀ = 76

ከአጠገቡ፣ ከሰረዞቹ በኋላ፦ ከዚህ በላይ አይጠየቁም።

ሶፍትዌሩ ድምፅን በስሙ አያውቀውም፤ በቁጥር ነው የሚያውቀው። ከፒያኖ መሃል ያለው ድምፅ ስድሳ ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አንድ ይጨመራል፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ይህ ስክሪፕት የመጀመሪያውን ትራምፔት ኖታ እያየ ይሄዳል፤ ከሰባ ስድስት የሚበልጥ ሲያገኝ ያንን ድምፅ ለሁለተኛው ትራምፔት ይሰጥና የሁለተኛውን ዝቅ ያለ ድምፅ ለመጀመሪያው ይመልስለታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚነፉ አድማጭ ማን የትኛውን እንደነፋ አይለይም። ማሽን በማይሰማው ቃል እንኳ «አይጠየቁም» ብላ በአክብሮት መጻፏን አየሁ።

ሃምሳ አለቃ ታረቀን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። በድሮው ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል የመጀመሪያ ትራምፔት ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ትራምፔታቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ፤ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆነው ኖሩና ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ናቸው። የቀራቸው ባንዱ ነው። ባለፈው ዓመት የፊት ጥርሳቸውን አስነቅለው ሰው ሠራሽ አስገቡ። ትራምፔት የሚነፋው በሳንባ ይመስለን ይሆናል፤ ከፍ ያለው ድምፅ የሚወጣው ግን ከንፈር የፊት ጥርስ ላይ ሲጸና ነው። በዚያው ዓመት የአንድ የግል ኮሌጅ ምረቃ ላይ፣ ዜማው ጫፍ ሲደርስ የሃምሳ አለቃ ድምፅ ተሰነጠቀ። ተመራቂዎቹ ሳቁ።

አዲሱ የባንዱ መሪ አብይ ይባላል፤ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሳቁን ግን አልረሳውም። ለዘንድሮው ምረቃ አዲስ የማርሽ ዜማ አመጣና ለሁሉም እኩል ደንብ አወጣ፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን አጥርቶ የነፋ ይሰለፋል፤ ያልነፋ ቦታውን ይለቃል። ወረቀቱን እንድታዘጋጅ የሰጠው ደግሞ ለፋንታነሽ ነው።

«ደንቡን አላፈረስኩም» አለችኝ። «የተጻፈላቸውን ነው የሚነፉት። ምን እንደሚጻፍላቸው ግን እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ሃምሳ አለቃ ያውቃሉ?»

«እስካሁን አያውቁም።»

በዚህ መካከል ከአዳራሹ ውስጥ ከበሮው ተመታ። ተነሥተን በሩ ላይ ቆምን። ወረቀቶቹ ጠዋት ታድለዋል። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ሽበታም፣ አንዳንዱ ገና ተማሪ። ፊት ለፊት በቀኝ ሃምሳ አለቃ ታረቀ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። በግራቸው እንዳለ የሚባለው ሁለተኛው ትራምፔት ነፊ ቆሟል፤ የጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ትራምፔት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ማርሹ ጥሩ ሄደ። ሁለት ክፍል አለፈ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ከፍ ሲል፣ ከፍ ማለት የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሆነ። ሃምሳ አለቃ ዝቅ ያለውን ድምፅ እየነፉ ነው፤ በላዩ ላይ መምጣት የነበረበት ዜማ የለም። እንዳለ ትራምፔቱን ከአፉ አውርዶ ጫማውን ያያል።

አብይ አስቆማቸው። «እንዳለ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«አልነፋህም እኮ።»

«አልነፋሁም።»

«ወረቀትህ ላይ የለም?»

እንዳለ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ፤ እንደሌለ ሊያስመስል የፈለገ ይመስል ቆየበት። «ወረቀቱ ላይማ አለ።»

«ታዲያ?»

«ዜማው ሲወጣ የሚወጣው የመጀመሪያው ትራምፔት ነው። የመጀመሪያው ትራምፔት ደግሞ አለቃዬ ናቸው።»

«ወረቀቱ አንተን ነው የሚልህ።»

«ወረቀት አያፍርም፣ አብይ። እኔ አፍራለሁ።»

«ወረቀቱ ጋ ሽማግሌ ይላክ» አለ ባምላክ ከኋላ። ሁሉም ሳቁ።

ሃምሳ አለቃ ወደ እንዳለ ዞሩ። «ንፋ አንተ። ማን ከለከለህ?»

«እርስዎ እያሉ?»

«ለእኔ ሌላ ተሰጥቶኛል።»

«ይንፉት እርስዎ፣ እኔ እከተላለሁ።»

«አንተ ቅደም ብዬሃለሁ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ አለቃዬ።»

እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ሲደርሱ ጉድለቱ ሰፋ። እንዳለ አሁንም ዝም አለ፤ ሃምሳ አለቃም ልጁ እንዲገባ ቦታ ለመልቀቅ ብለው የራሳቸውን አቋርጠው ጠበቁት። ሰርግ ቤት በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች አንተ ቅደም፣ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ደጅ እንደሚቀረው፣ ማርሹ በሙሉ ከዚያ በር ውጭ ቀረ። ከበሮው ብቻ ትንሽ መንገድ ለብቻው ሄደና ማንም አለመከተሉን ሲያውቅ ቆመ።

አብይ እጁን አወረደ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ የመጀመሪያውን ትራምፔት ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ያለዚያ ምረቃው ላይ ከአምናው ይብሳል።»

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ፋንታነሽን አየኋት። ላፕቶፑን በደረቷ አቅፋ ቆማለች። «ሁሉንም ነገር ነግሬዋለሁ» አለች፤ ስለ ማሽኑ መሆኑ ነው። «ከፍ ያለውን ውሰድ፣ ለጎረቤት ስጥ አልኩት። ጎረቤቱ እሺ ይል እንደሆነ ማን ይጠይቅለታል?» ከዚያም «አባቴ ወረቀት ሲያድል ለምን በየቤቱ እንደሚዞር አሁን ገባኝ» አለች። እኔም ወዲያው አስታወስኩ። አቶ አንሙት ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው ከቤት ቤት ሲሄዱ አያቸው ነበር፤ የፖስታ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ልምምዱ ሲያበቃ ወደ አግዳሚው ተመልሰን ፋንታነሽ ላፕቶፑን እንደከፈተች፣ ሃምሳ አለቃ ትራምፔታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ፋንታነሽ ተነሣች። በእጃቸው ተቀመጪ አሏት።

«ያንቺ ሥራ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«አባትሽ ሲያደርግልኝ አይታወቅም ነበር።»

«አባቴ ያደርግልዎ ነበር?»

«አንድ ክረምት ከንፈሬ ቆስሎ። ማንም አላወቀ። ለካ ያኔ ሁለተኛ የነበረውን ቀድሞ አናግሮት ኖሯል፤ ይህንንም ሁለተኛው ራሱ የነገረኝ አባትሽ ከሞተ በኋላ ነው።» አጠገቧ ተቀመጡ። «አብይ ቢያስወጣኝ አልቀየመውም። ግን ከባንዱ ከወጣሁ ቅዳሜ ጠዋት ወዴት ብዬ ነው የምላጨው?»

መልስ ሳይጠብቁ ስክሪኑን እያዩ «እስኪ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» አሉ። ፋንታነሽ ልትከድነው እጇን ዘረጋች፤ ዘገየች። ስማቸውን አንብበዋል። ቁጥሩን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ድምፅ በቁጥር እንደሚታወቅ ስትነግራቸው እንደ እኔ በጥያቄ አላደከሟትም። ትራምፔቱን አነሡና ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ እሷ በእያንዳንዱ ድምፅ ቁጥሩን ቀስ ብላ ትጠራለች። ሰባ ሁለት ጠራ። ሰባ ሦስት ጠራ። ሰባ አራት ጠራ። ሰባ አምስት ላይ ድምፁ መጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ።

ትራምፔቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ሰባ ስድስት ከየት አመጣሽው?»

«ካምናው ቀረጻ ላይ...»

«ቀረጻው አልነገረሽም። አንቺም እንደ እንዳለ አፍረሻል።»

አቀረቀረች።

«ሰባ አራት በይው» አሉ። «ያለውን ጻፊ። የሌለኝን ስትጽፊልኝ ነው የምዋረደው።»

አጠፋችና ሰባ አራት ብላ ጻፈች። ከጎኑ ያለውን፣ ማሽኑ የማያነብበውን መስመር ግን እንደነበረ ተወችው። እሳቸውም አነበቡት መሰለኝ፤ ጨርቁን አጣጥፈው ሄዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እስኪደርስ ፋንታነሽ ሮብ ገበያ ሆና ስክሪፕቱን ለወጠችው። ስልክ እየደወልኩ እጠይቃት ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደጓጓሁ እኔም አላውቅም። ዜማውን ከሃምሳ አለቃ መውሰዱን ተወችው። በሙዚቃ ከአንድ ድምፅ ቁጥር ላይ አሥራ ሁለት ቢቀነስ ያው ድምፅ በታች በኩል ይገኛል፤ አባትና ልጅ አንድ ዜማ በወፍራምና በቀጭን እንደሚያንጎራጉሩት። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከሰባ አራት የሚያልፍ ሐረግ ሲያገኝ ሐረጉን በሙሉ አሥራ ሁለት ዝቅ አድርጎ ለእሳቸው ይተውላቸዋል፤ ያንኑ ሐረግ ከፍ ባለ ቦታው ለእንዳለ ይሰጣል፤ በእንዳለ ወረቀት ላይ ደግሞ ከሐረጉ በላይ አንድ ቃል ይጽፋል፦ «አጅብ»።

ቅዳሜ ጠዋት እንዳለ ወረቀቱን ተቀብሎ ቃሉን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ።

«እንደተጻፈው ናት» አለችው ፋንታነሽ። «ዜማው የእሳቸው ነው። አንተ ታጅባለህ።»

«ታዲያ እኔ ከበላያቸው ነኝ እኮ። ከበላይ ሆኖ ማጀብ አለ እንዴ?»

ፋንታነሽ ሳምንቱን ሙሉ ያላሰበችው ነገር ይኸው ነበር። ሃምሳ አለቃ ግን ከኋላው መጥተው ሰምተዋል።

«በጥምቀት ለታቦት ጥላ የሚይዘው ልጅ ጥላውን ከየት በኩል ነው የሚይዘው?» አሉት።

እንዳለ አሰበ። «ከበላይ።»

«ታቦቱን ናቀ?»

«ኧረ እሳቸው ራሳቸውን ታቦት አደረጉ» አለ ባምላክ።

«ዝም በል አንተ፤ ኖታህን እንጀራ አሳክላ የጻፈችልህ» አሉት። እንዳለ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ትራምፔቱን ወደ አፉ አነሣ። ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ሁለቱ አብረው ገቡ፤ አንዱ ከታች ወፍሮ፣ አንዱ ከላይ ቀጥኖ። አብይ አላስቆማቸውም። እስከ መጨረሻው ነፉት። ሲያበቁ አብይ የሃምሳ አለቃን ወረቀት አንሥቶ ካመጣው ማርሽ ጋር አስተያየው፤ ወደ ፋንታነሽ ተመለከተ፣ ወረቀቱን ቦታው መለሰው። «እንደተጻፈው ነፍታችኋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ፋንታነሽ ያንን ስክሪፕት ስሙን ለውጣ «ጥላ» አለችው።

ምረቃው በሰኔ መጨረሻ እሑድ ነበር። ይህንን ቀን አልጠራጠርም፤ የተመራቂ ወላጆች ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ትዝ ይለኛል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የጠቆረ ደመና እየመጣ ነበር። እኔና ፋንታነሽ ኋላ ቆምን። ፈተና ማረም ስላለባት ከዝግጅቱ በቀጥታ ወደ ሮብ ገበያ ልትሄድ ቦርሳዋን ይዛ መጥታለች።

ባንዱ ገባ። ፋንታነሽ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ቦርሳዋ ላይ ትመታለች። ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ሁለቱ ትራምፔቶች እንደተጻፈላቸው ገቡ፤ ምንም አልተሰነጠቀም። ማርሹ ግን ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ ይለዋል። ሁለተኛው ላይ የታችኛው ድምፅ ጠፋ። ያ ጉድለት የተመለሰ መሰለኝ። ወዲያው ግን ገባኝ፤ ከታች የጠፋው ወደ ላይ ወጥቷል። ሃምሳ አለቃ የተጻፈላቸውን ትተው ዜማውን በድሮ ቦታው ይዘውት እየወጡ ነው። ሁለት ትራምፔት በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ቁመት ላይ ሆኑ። የፋንታነሽ ጣት ቆመ። ዜማው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ የመጨረሻው ረጅም ድምፅ ጠርቶ፣ ሳይናወጥ ቆየ። የሁለቱም ትራምፔት እንደተነሣ ከሩቅ አያለሁ። የሚሰማኝ ግን አንድ ድምፅ ነው። የማን እንደሆነ አላወቅኩም።

ጭብጨባው ሲያባራ ወደ ባንዱ ሄድን። ሃምሳ አለቃን ተመራቂዎች ከበዋቸው ፎቶ ይነሣሉ፤ ፊታቸው ወርዝቷል፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይዘዋል። አብይ መጥቶ ጨበጣቸው።

«የተጻፈልዎ ይህ አልነበረም» አላቸው።

«አልነበረም» አሉት።

አብይ እጃቸውን አልለቀቀም። «ለመስቀል ሰልፍ ልምምዱ ነሐሴ ላይ ነው የሚጀምረው። እንዳይቀሩ።»

«ተላጭቼ እመጣለሁ» አሉት።

እንዳለን ለብቻው ያዝኩት። «መጨረሻ ላይ ያለው የማን ነበር?»

«የቱ?»

«ረጅሙ።»

ትራምፔቱን አዘቅዝቆ ምራቁን እያንጠባጠበ «ጥላ ከተዘረጋ በኋላ ሥሩ ያለውን ማን ያያል?» አለኝና ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ፋንታነሽ ግን ታውቃለች። የሁለቱንም ድምፅ እንደ አባቷ እጅ ጽሑፍ ትለያለች፤ ጣቷ የቆመው በከንቱ አይደለም። መንገድ ላይ እጠይቃታለሁ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባን፤ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው መነጋገር አልቻልንም። መናኸሪያ ስንደርስ የሮብ ገበያው ሚኒባስ ሞልቶ አንድ ሰው ይጠብቃል። ረዳቱ «ሮብ ገበያ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ቦርሳዋን ከእጇ ነጥቆ አስገባው። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች።

ቻው ልላት መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለ ላፕቶፑን አውጥታ ከፈተችው። በውሃ በተሸፈነው መስታወት በኩል ስክሪኑ ይታየኛል፤ «ታረቀ» የምትለውን ያቺን የመጀመሪያዋን መስመር ከቅርጿ ለየኋት። ጠቋሚውን ቁጥሩ ላይ አደረገች። ሰባ አራትን አጠፋችና በቦታው ሌላ ቁጥር ጻፈች። የውሃ ጠብታ መስታወቱ ላይ እየወረደ ቁጥሩን ከለለብኝ። ከፍ አድርጋላቸው ነው ወይስ ዝቅ? ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋ፣ ሚኒባሱም ጭቃውን እየረጨ ወጣ።